የአያቶቻችሁን ወረቀት ለዩኒቨርሲቲ ከማስረከባችሁ በፊት

የአያታችን ወረቀቶች ዛሬ በአንድ ዩኒቨርሲቲ የመዛግብት ክፍል ውስጥ ቁጥር ተሰጥቷቸው ተቀምጠዋል። ደብዳቤ አለ፣ የግብር ደረሰኝ አለ፣ የፍርድ ግልባጭ፣ ኑዛዜ፣ የእድር መዝገብና ፎቶግራፍ አለ። እዚያ እስኪደርሱ ከክረምት ፍሳሽ፣ ከምስጥ፣ ከዚያም ከእኛ ከወራሾቹ ክርክር መትረፍ ነበረባቸው። ቁም ሣጥን ላይ ወይም አልጋ ሥር እንዲህ ያለ ሣጥን ያላችሁ ብዙ እንደሆናችሁ ስለማውቅ፣ እኛ ዘግይተን ያወቅነውን እናንተ ቀድማችሁ እንድታውቁት ብዬ ነው የምጽፈው። ከሁሉ አስቀድሜ የምላችሁ ይህን ነው፤ ተቋሙ ወረቀቱን ይጠብቅላችኋል፣ ሽማግሌዎቻችሁ ስለ ወረቀቱ የሚያውቁትን ግን ከየት ያመጣዋል? እሱን ጽፋችሁ አብራችሁ ካላስረከባችሁ የታሪኩ ግማሽ ቤት ይቀራል፤ ከሰዎቹም ጋር ይቀበራል።

ሣጥኑ ሲከፈት ማንም ሰው መጀመሪያ እጁ የሚሄደው ወደ መለየት ነው፤ ደብዳቤን ከደብዳቤ፣ ፎቶን ከፎቶ፣ ደረሰኝን ከደረሰኝ። እባካችሁ አታድርጉት። የመዛግብት ባለሙያዎች አጥብቀው የሚይዙት ሕግ አለ፦ ወረቀቱ ከማን ቤት እንደመጣና ባለቤቱ በምን ቅደም ተከተል እንዳኖረው መጠበቅ አለበት። በአንድ ክር በታሰረ ጥቅል ውስጥ የግብር ደረሰኝ፣ የምስክር ቃልና የፍርድ ግልባጭ አብረው ከተገኙ፣ ደረሰኙ ለርስት ክርክር ማስረጃ ሆኖ እንደቀረበ ጥቅሉ ራሱ ይናገራል። ያንኑ ደረሰኝ አውጥታችሁ ከሌሎች ደረሰኞች ጋር ከደረደራችሁት ግን ከሌላው የማይለይ ተራ ደረሰኝ ይሆናል። በእኛ ቤት ከዘመድ አንዱ በቅንነት ፎቶዎቹን ከየፖስታቸው አውጥቶ አልበም ውስጥ አስገባቸው፤ የተወሰኑት ከየትኛው ደብዳቤ ጋር ተልከው እንደነበር እስከ ዛሬ አልታወቀም።

ስለዚህ ምንም ሳትነኩ በስልክ ፎቶ አንሡ፤ መጀመሪያ ሣጥኑን እንደተከፈተ፣ ቀጥሎ ከላይ ወደ ታች ድርድሩን፣ ከዚያም እያንዳንዱን ጥቅል ከነክሩ። ለየጥቅሉ ቁጥር ስጡና በቁራጭ ነጭ ወረቀት ላይ በእርሳስ ጽፋችሁ ከላዩ አስቀምጡ። ሰነዱ ላይ ምንም አይጻፍ። እስክሪብቶ ጭራሽ ከጠረጴዛው ይራቅ፤ ለስላሳ እርሳስ ብቻ ተጠቀሙ፣ ኤችቢ ወይም 2ቢ። ወረቀት ስትነኩ እጃችሁን ታጥባችሁ በደንብ ማድረቅ ይበቃል፤ የጨርቅ ጓንት ጣትን ስለሚያደነዝዝ የሳሳ ወረቀት ይቀድዳል። ለፎቶግራፍ ግን ጓንት አድርጉ፣ የጣት ቅባት ምስሉ ላይ ይቀራልና። ባዶ ፖስታ አይጣል፣ ቴምብሩም አይቆረጥ። ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው በ1908 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ ወዲህ በተላኩ ደብዳቤዎች ፖስታ ላይ ያለው ማኅተም፣ ጸሐፊው ቀን ባያሰፍር እንኳ ቀኑንና ከተማውን ሊሰጣችሁ ይችላል።

ወረቀቱን እርጥብ ሆኖ ካገኛችሁት ጊዜ የላችሁም፤ በ48 ሰዓት ውስጥ ሻጋታ ሊጀምረው ይችላል። ፀሐይ ላይ ማስጣት፣ መተኮስ፣ ምድጃ አጠገብ ማኖር ወረቀቱን ያኮማትረዋል፣ ቀለሙንም ያጠፋል። ጥላ ውስጥ መስኮት ከፍታችሁ ንጹሕ ነጭ ጨርቅ ወይም ያልታተመበት ወረቀት ላይ ዘርጉት። ቬንቲሌተር ካለ ነፋሱ ወረቀቱን እንዳይመታው ወደ ግድግዳ አዙሩት። ከሥር የተነጠፈው ሲርስ እየቀያየራችሁ ቆዩ፤ ጋዜጣ ግን አታንጥፉ፣ ቀለሙ ይለቃል። እርስ በርስ የተጣበቁ ፎቶዎችን በደረቁ ለማላቀቅ መሞከር ምስሉን ከወረቀቱ መላጥ ነው፤ ለባለሙያ አቆዩአቸው። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማድረቅ ካልቻላችሁ እርጥቡን ወረቀት በትንንሽ ጥቅል በንጹሕ ፌስታል አድርጋችሁ ፍሪዘር ውስጥ ማቆየት ትችላላችሁ፤ ሻጋታው እንዳለ ይቆማል። ብራና ከሆነ ቆዳ መሆኑን አትርሱ። ሙቀት ያኮማትረዋል፣ የተኮማተረ ብራና ደግሞ በቤት ውስጥ ሙከራ አይመለስም።

የሻገተውን ለማጽዳት አስቀድሞ መድረቅ አለበት፤ እርጥብ ሻጋታ ሲጠረግ ወረቀቱ ላይ ይቀባል። ሲደርቅ ደጅ አውጡት፣ ኤን95 ማስክና ጓንት አድርጉ፣ በለስላሳ ብሩሽ ከራሳችሁ ወደ ውጭ ጥረጉ። በረኪናም ሆነ የነፍሳት መርጫ ወረቀት ላይ አይረጭ። ነፍሳት ያለበትን ደረቅ ወረቀት ፌስታል ውስጥ አየር እንዳያስገባ አሽጋችሁ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በሚደርስ ፍሪዘር ለሁለት ሳምንት አቆዩት። ስታወጡት ሳትከፍቱ አንድ ሙሉ ቀን ይቀመጥ። ቶሎ ከተከፈተ የክፍሉ እርጥበት በቀዘቀዘው ወረቀት ላይ ውኃ ሆኖ ይወርዳል፤ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።

የዛገ ስፒልና ስቴፕል ጎትታችሁ አታውጡ። ዝገቱ በዙሪያው ያለውን ወረቀት ስለሚበላው ይቀደዳል። ከጀርባ የታጠፉትን እግሮች በቀጭን ቢላ ጫፍ ቀና አድርጋችሁ አውጡ፤ እምቢ ካለ ተዉት፣ ባለሙያዎቹ ያወጡታል። ተያይዘው የነበሩት ሉሆች እንዳይበተኑ በአንድ የታጠፈ ነጭ ወረቀት መካከል አኑሯቸው። የተቀደደውን በስኮች ቴፕ መለጠፍ ሌላው ጉዳት ነው። ሙጫው ከጥቂት ዓመት በኋላ ቢጫ ሆኖ ወረቀቱ ውስጥ ይሰርጋል፣ ፕላስቲኩ ይላቀቃል፣ እድፉ ግን አይለቅም። የተቀደዱትን ቁርጥራጮች አንድ ላይ አድርጋችሁ በወረቀት ብትጠቀልሏቸው ይሻላል።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ላሚኔሽን ነው። ሰው የሚያደርገው ሰነዱን ስለሚወደውና ስለሚያከብረው ነው፤ የአያቱን የሹመት ደብዳቤ ወይም ከንጉሠ ነገሥቱ የመጣ ወረቀት ወስዶ በፕላስቲክ ያስለብሰዋል። ማሽኑ በሙቀት ሙጫውን አቅልጦ ከወረቀቱ ጋር ያዋሕደዋል። ከዚያ በኋላ ወረቀቱን ማጠብ፣ ማቃናት፣ አሲዱን ማስወገድ አይቻልም፤ አሲዱ እዚያው ተዘግቶ ወረቀቱን ሲበላ ይኖራል። ሰነዱን ለዘመድ ማሳየት ከፈለጋችሁ ስካን አስደርጋችሁ ቅጂውን ላሚኔት አድርጉ።

ስለ ቀለሙም ትንሽ ማወቅ ይጠቅማል። በባህላዊው መንገድ ከጥላሸት የተሠራው ጥቁር ቀለም ብርሃን አያደበዝዘውም፤ ነገር ግን ወረቀቱ ወይም ብራናው ላይ ተቀምጦ የሚቀር ስለሆነ በውኃ ሊታጠብ፣ ሲታሽም ሊረግፍ ይችላል። ከውጭ የመጣው ሐምራዊና ሰማያዊ ቀለም ደግሞ ብርሃን ያጠፋዋል። ድሮ በቢሮ ይሠራበት የነበረው፣ ሲርስ ወደ ሐምራዊ የሚለወጠው እርሳስ በደረቁ እንደ ተራ እርሳስ ግራጫ ስለሚመስል ሰው ሳያውቅ በእርጥብ ጨርቅ ይጠርገዋል፤ አንድ ጠብታ ውኃ ይበቃዋል፣ ገጹ ሁሉ ይቀልማል። ስለዚህ የትኛውንም ጽሑፍ በእርጥብ ነገር አትጥረጉ፣ ማዕቀፍ ውስጥ አስገብታችሁም መስኮት ፊት ለፊት አትስቀሉ።

አሲድ የሌለው የመዛግብት ሣጥን አገር ውስጥ በቀላሉ አይገኝም፤ ቢገኝም ውድ ነው። እስክታስረክቡ ድረስ ተራ ነጭ የፎቶ ኮፒ ወረቀት በየሰነዱ መካከል ማስገባት በቂ ነው፤ ዛሬ የሚሠራው የፎቶ ኮፒ ወረቀት በአብዛኛው የካልሲየም ካርቦኔት ዱቄት ስላለበት አሲዱን ይቋቋማል። ካኪ ፖስታና ጋዜጣ ግን ራሳቸው አሲድ ናቸው። ፕላስቲክ ከተጠቀማችሁ ሽታ ያለውንና የሚለጠፈውን አስወግዱ፤ ያ ፒቪሲ ነው፣ ፎቶ ላይ ይጣበቃል። ሣጥኑ ከወለል 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይበል፣ ከውጭው ግድግዳም ይራቅ። ክረምት በገባ ቁጥር ከፍታችሁ አሽትቱት፤ ሻጋታ ሳይታይ ይሸታል። ናፍታሌን አታድርጉበት፤ ጠረኑ ለሚያነበው ሰው ጤና ጥሩ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ፣ ወደ ዝርዝሩ። ብዙ ጊዜ የሚወስደው፣ የስብስቡንም ዋጋ የሚወስነው እሱ ነው። ለእያንዳንዱ ሰነድ የጥቅሉን ቁጥር፣ የሰነዱን ቁጥር፣ ላኪውን፣ ተቀባዩን፣ ቦታውን፣ ቀኑን በሰነዱ ላይ እንደተጻፈ፣ ጉዳዩን በአንድ መስመር፣ የገጹን ብዛትና ያለበትን ሁኔታ መዝግቡ። «እንደተጻፈ» ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ቀኑን በራሳችሁ ስሌት ቀይራችሁ ብቻ ከጻፋችሁት፣ ስሌቱ ቢሳሳት የሚያርመው የለም። 1928 የሚል ወረቀት ዓመተ ምሕረት ከሆነ የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ የገባበት ዓመት ነው፤ እ.ኤ.አ. ነው ብሎ የሚወስደው ሰው ግን ስምንት ዓመት ያህል ወደ ኋላ ይሄዳል። ሁልጊዜ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ብላችሁ ለዩ።

ዓመቱን ከዓ.ም. ወደ እ.ኤ.አ. ስትለውጡ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ማብቂያ አካባቢ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ትደምራላችሁ። ቀኑ ላይ ደግሞ ብዙዎችን የሚያሳስት ነገር አለ። 1900 እ.ኤ.አ. በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ፌብሩዋሪው 29 ቀን አልነበረውም፣ በእኛ አቆጣጠር ግን ጳጉሜን በየአራት ዓመቱ 6 ቀን የምትሆንበት ዙር አልተቋረጠም፤ ስለዚህ ከዚያ በፊትና በኋላ ባለው ልውውጥ መካከል የአንድ ቀን ልዩነት አለ። የዓድዋ ጦርነት የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የዋለው በማርች 1 ሲሆን፣ ዛሬ የካቲት 23 የሚውለው ማርች 2 ነው። የስልክ መተግበሪያ የሚሰጣችሁን ቀን ለምኒልክ ዘመን ወረቀት ስትጠቀሙ ይህን አረጋግጡ።

በግዕዝ ቁጥር የተጻፈውን ስታነቡ ፮ና ፯ በእጅ ጽሑፍ በጣም ይመሳሰላሉ። እዚህ ላይ የወንጌላውያኑ ስም ይረዳችኋል። ዓመቱን ለ4 አካፍሉት፤ 1 ከተረፈ ማቴዎስ፣ 2 ከተረፈ ማርቆስ፣ 3 ከተረፈ ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ ነው። ደብዳቤው «በዘመነ ማቴዎስ» ካለና ዓመቱ ፲፱፻፲፮ ይሁን ፲፱፻፲፯ ካልለየላችሁ፣ 1917 ነው። ቀን ጨርሶ የሌለውን ደግሞ በማዕረግ መገመት ይቻላል። «ንጉሥ ተፈሪ» የሚል ደብዳቤ ከመስከረም 1921 ጀምሮ ንግሥት ዘውዲቱ እስካረፉበት እስከ መጋቢት 1922 ባለው ጊዜ የተጻፈ ሊሆን ይችላል፤ «አልጋ ወራሽ» ብቻ ካለ ከመስከረም 1909 ወዲህ፣ ከንግሥናው በፊት ነው። ሒሳቡ በሽልንግ ከሆነ ከነጻነት በኋላ ያሉትን ጥቂት ዓመታት አስቡ፤ ከ1937 በፊት «ብር» የሚል ውል ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚናገረው ስለ ማርያ ቴሬዛው ጠገራ ነው።

ስም ላይ ስትደርሱ ከሽማግሌ ጋር ካልተቀመጣችሁ አይሆንም። አንዱ ሰው በወጣትነቱ ባላምባራስ፣ ቀጥሎ ግራዝማች፣ በኋላ ቀኛዝማች ተብሎ ይጻፋል፤ የማያውቀው መዝጋቢ ሦስት ሰው ያደርገዋል። በኑዛዜ ላይ የክርስትና ስሙ፣ በወዳጅ ደብዳቤ ላይ «አባ» የሚለው የፈረስ ስሙ ይመጣል። ሚስት በአባቷ ስም ስለምትጠራ ከባሏ ጋር መሆኗ ከወረቀቱ አይታወቅም። የቤተሰብ ስም በሌለበት አገር «የእገሌ ቤተሰብ ወረቀቶች» የሚለው ርእስ የሚቆመው እናንተ የትውልድ ሐረጉን አንድ ገጽ ላይ ስላችሁ ካያያዛችሁ ብቻ ነው። ለየሰው የሚታወቅባቸውን ስሞች ሁሉ፣ የትውልድና የሞት ዓመት ከታወቀም አስገቡ። ቦታንም እንዲሁ፤ ሰነዱ ናዝሬት፣ ደብረ ዘይት፣ አሰበ ተፈሪ፣ ሀገረ ሕይወት ካለ እንዳለ ይጻፍ፣ አዳማ፣ ቢሾፍቱ፣ ጭሮ፣ አምቦ መሆኑ ጎኑ ላይ ይታከል።

ለፎቶዎቹ ያዋጣን ዘዴ ድምፅ መቅዳት ነው። ፎቶው ቁጥር ይሰጠዋል፣ ስልኩ መቅዳት ይጀምራል፣ ቁጥሩ ጮክ ተብሎ ይነበባል፣ ከዚያ አክስታችን ያሻቸውን ይናገራሉ። ስም ብቻ አትጠይቁ፤ «ይሄ የማን ግቢ ነው? ለምን ተሰበሰባችሁ? ማን ነው ያነሣው?» በሉ። ዕድሜ የገፋ ሰው አንዲት ፎቶ ይዞ ብዙ ይናገራል፤ አትቸኩሉ፣ በአንድ መቀመጫም ብዙ ፎቶ አታሳዩ። አንድ ሽማግሌ ብቻ ከሆነም ሌላ ዘመድ ለብቻው ይጠየቅ። ሁለቱ ካልተስማሙ የሁለቱንም ቃል ጻፉ። ጀርባው ላይ የግድ መጻፍ ካለባችሁ በእርሳስ ዳር ላይ ቀስ ብላችሁ ነው፤ ጀርባው ፕላስቲክነት ያለው አዲሱ ዓይነት ፎቶ ግን እርሳስ አይይዝም፣ መያዣው ላይ ጻፉ።

ስካን ስታደርጉ የጥራት ልኩ ለጽሑፍ 300፣ ለፎቶግራፍ 600 ዲፒአይ ይሁን። ዋናውን ጥራት በማይቀንሰው የፋይል ዓይነት በቲፍ፣ ለመላላክ አነስ በሚለው በጄፔግ አስቀምጡ። ስካነር ከሌለ ስልክም ይበቃል፤ ከላይ ቀጥ አድርጋችሁ፣ ያለ ፍላሽ፣ በመስኮት ብርሃን፣ ጎኑ ላይ ማስመሪያ አድርጋችሁ አንሡ። የሰነዱን ጀርባም አትዝለሉ፤ ባዶ የሚመስል ጀርባ ላይ የተቀባይ ፊርማ ወይም የመዝገብ ቁጥር ይገኛል። የፋይሉ ስም የጥቅል፣ የሰነድና የገጽ ቁጥር ብቻ ይሁን፣ 02_015_03 እንደማለት። ሦስት ቅጂ ይኑር፣ በሁለት ዓይነት መያዣ፣ አንዱም ሌላ ቤት ወይም ሌላ ከተማ።

ከወረቀቱ ይልቅ ያደከመን የዘመድ ስምምነት ነው። የቆየ የርስት ወረቀት ሲታይ ተስፋ የሚያድርበት ሰው አይጠፋም፤ የገጠር መሬት በአዋጅ ቁጥር 31/1967፣ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የመንግሥት እንደሆኑ እያወቀም «ዋናው ከእጃችን አይውጣ» ይላል። በዚህ ላይ አትጣሉ። በፍርድ ቤት የተያዘ የውርስ ጉዳይ ካለ የሚነካው ሰነድ እስኪያልቅ ቤት ይቆይ፣ በዝርዝሩ ላይ «ለጊዜው ያልተሰጠ» ተብሎ ይመዝገብ። ለሌላው ሁሉ የወራሾች የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልጋል። ውጭ ያሉት በኢምባሲ ወይም በቆንስላ ውክልና ሊሰጡ ይችላሉ፤ ውክልናው «ሰነዶችን ለትምህርት ተቋም በስጦታ ማስተላለፍ» የሚል ቃል በግልጽ ይኑረው፣ በጥቅሉ «ንብረት ማስተዳደር» የሚለው በኋላ ያከራክራል። አንዳንዱ ደግሞ የሚፈራው ምስጢርን ነው፤ ከጣሊያን ጋር የሠራ ሰው ስም፣ ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ፣ በቤት ውስጥ እንደ ባሪያ የኖረ ሰው። በደርግ ዘመን ብዙ ቤተሰብ በፍርሃት ወረቀቱን አቃጥሏል፤ ያ ፍርሃት አሁንም ያለባቸው ሽማግሌዎች አሉ። አታፍጥኗቸው። ማቃጠል ሳያስፈልግ ለዓመታት ዘግቶ ማቆየት እንደሚቻል ንገሯቸው። የእኛን ቤት ያስማማው ይህ ነው።

የት ይሰጥ? አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በ1963 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው፣ መጀመሪያ በሪቻርድ ፓንክረስት የተመራው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ብዙዎች ቀድመው የሚያስቡት ነው። የአገሪቱ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት የሆነው ወመዘክርም አለ። የክፍለ ሀገር ዩኒቨርሲቲዎችም አሉ፤ ወረቀቶቹ በአንድ አካባቢ ላይ ያተኮሩ ከሆኑ ለአካባቢው ተማሪ መቅረባቸው ትልቅ ነገር ነው። ከስሙ ይልቅ ክፍሉን እዩ። መደርደሪያው ከወለል ከፍ ያለ ነው? ጣሪያው ያፈሳል? ቁልፉ በማን እጅ ነው? አንባቢ ሰነድ ሲወስድ የሚፈርምበት መዝገብ አለ? ቀድሞ የተረከቡትን የሌላ ቤተሰብ ስብስብ ዝርዝር ሊያሳዩአችሁ ይችላሉ? ይህን የመጨረሻውን ጥያቄ አትተዉት። ዝርዝር የሌለው ስብስብ የተቀመጠበትን የሚያውቀው ሠራተኛ ጡረታ ሲወጣ አብሮት ይጠፋል። እኛ መጀመሪያ የሄድንበት ቦታ ይህን ማሳየት ስላልቻለ ነው ሌላ የፈለግነው።

ቃል በቂ አይደለም፣ የጽሑፍ ውል ይኑር። ስጦታ ነው ወይስ አደራ? ተቋማት ስጦታን ይመርጣሉ፤ ለአደራ ዕቃ ገንዘብና ጉልበት ማውጣት ይከብዳቸዋልና። ስጦታ ከሆነ ዋናዎቹ ሊሸጡ ወይም ከግቢው ሊወጡ እንደማይችሉ፣ ተቋሙ የማይፈልገውን ሰነድ ከመጣሉ በፊት ለቤተሰቡ እንደሚመልስ፣ የስካኑ ሙሉ ቅጂ ለቤተሰቡ እንደሚሰጥ ይጻፍ። የሚዘጉ ሰነዶች በቁጥር ይጠቀሱ፣ የሚከፈቱበትም ዓመት ይወሰን። «ቤተሰቡ ሲፈቅድ» የሚል አንቀጽ አትቀበሉ፤ ከ30 ዓመት በኋላ ቤተሰቡ ማን እንደሆነ የሚያውቅ አይኖርም። የቅጂ መብትን በተመለከተ፣ ደብዳቤው የእናንተ ንብረት ቢሆንም የጽሑፉ መብት የጻፈው ሰው ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ጸሐፊው ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል። ስለዚህ ልትሰጡ የምትችሉት የራሳችሁ አያት የጻፉትን መብት ብቻ ነው፣ ውሉም ይህንኑ ይበል። ብራና ካለበትና ውጭ አገር ላለ ተቋም ለመስጠት የምታስቡ ከሆነ፣ ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንደማይወጣ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተደነገገ መሆኑን እወቁ።

በርክክቡ ዕለት ዝርዝሩን በሁለት ቅጂ ይዛችሁ ሂዱ። ጥቅል በጥቅል ተቆጥሮ በየገጹ ሁለቱም ወገን ይፈርሙ፣ ማኅተም ይደረግበት፣ የመረከቢያ ቁጥሩን ሳትይዙ አትውጡ። የትውልድ ሐረጉ፣ የስሞቹ ማብራሪያና የድምፅ ቅጂዎቹም እንደ ሰነድ ተቆጥረው በዝርዝሩ ይግቡ። አለበለዚያ «ተጨማሪ ወረቀት» ተብለው አንድ ሰው መሳቢያ ውስጥ ይቀራሉ። ከጥቂት ወራት በኋላ ሄዳችሁ እንደ ማንኛውም አንባቢ በቁጥሩ አንድ ሰነድ ጠይቁ። ከመጣ ሥርዓቱ ይሠራል፤ ካልመጣ ገና ሰዎቹ ሳይቀየሩ ለማስተካከል ጊዜ አላችሁ።

«የእኛ ቤት ወረቀት የለም» ለምትሉ ደግሞ፣ የአያቶቻችሁ ስም በቤተ ክርስቲያን ብራና ላይ ሊኖር ይችላል። የመሬት ሽያጭ፣ ስጦታና ኑዛዜ በወንጌል ባዶ ቅጠሎችና ኅዳጎች ላይ መጻፍ የቆየ ልማድ ነው፤ በተለይ የጎንደር ዘመን ሰዎች ምስክርና ዋስ እየጠሩ ያጽፉ ነበር። ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተካሄደው የማይክሮፊልም ሥራ 9,000 ያህል የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ተነሥተዋል፤ ፊልሞቹ አሜሪካ ሚኒሶታ በሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ ተቀምጠው፣ ብዙውን ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ለረጅም ዓመታት ሲዘረዝሩት ኖረዋል። ብዙዎቹ አሁን በኢንተርኔት በነጻ ተመዝግቦ የሚታዩ ናቸው። በመጽሐፉ ርእስ አትፈልጉ፤ የደብራችሁን ስም ይዛችሁ ግቡና በካታሎጉ መጨረሻ ላይ ስለ ተጨማሪ ጽሑፎች የሚለውን ክፍል አንብቡ።

ካስረከባችሁ በኋላም ወረቀት መውጣቱ አይቀርም። ከመዝሙረ ዳዊት መካከል፣ ከአሮጌ ኮት ኪስ፣ ውጭ ካለ የአጎት ልጅ ሻንጣ ይወጣል። የመጣውን ሁሉ በዚያው የመረከቢያ ቁጥር ሥር እንደ ተጨማሪ ርክክብ አስመዝግቡ፤ ከማን እጅ፣ መቼና ከምን ውስጥ እንደተገኘ በእርሳስ በተጻፈ ቁራጭ ወረቀት ላይ ሰፍሮ አብሮት ይሂድ።